አራተኛ ፎቶ ቢኖር

ቁጥር 1
መስከረም 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤ ባለህበት የሰው አገር ጤና አይለይህ፣ የያዝከው ይባረክልህ።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ግን ጭራሹን ተደፍኗል። ጠጋ ብዬ ካልጮኽኩባት ከግድግዳ ጋር የማወራ ነው የሚመስለው። ስልክ የተውነውም በዚሁ የተነሳ መሆኑን ታውቃለህ። መልስህ ሲመጣ እንደ ልማዴ አነብላታለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ፊት ለፊታችን ያለው እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ የሚሉትን ነገር አሠርቷል። አልጋው ሲጢጥ ሲል ያድራል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር በገመድ ነው የሚታሰረው፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ቤተ መንግሥት መስሎ ተቀምጧል። የእኔ ሦስት የእንግዳ ክፍሎች፣ ያውም እናትህ በእጇ የምታጥባቸውን አንሶላዎች ለብሰው ባዶ ያድራሉ። አንተ ደግሞ ድረ ገጽ መሥራት እየተማርኩ ነው ብለህ ጽፈህልን ነበር። እንግዲያው የተማርከውን አሳየን። ለባዳ ከመሥራትህ በፊት ላሳደገህ ቤት ሥራ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ሁሉም በደብዳቤ ይሁን። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁት ለጌጥ አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የምልክልህንም የምትልክልኝንም ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደርገዋለሁ። የሠራኸውን ገጽ ጎረቤታችን ያለው የኮፒ ቤት ሰውዬ በወረቀት እያተመ ይሰጠኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሃለሁ።

አክስትህ


ቁጥር 2
ጥቅምት 3

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፤ ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ፣ ደጃፍዎ ከእንግዳ አይጉደል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ነው። አሠሪው ፊቱን እስኪያዞር ጠብቄ አነበብኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎ አልችልም። አስተማሪያችን «እውነተኛ ሰው የሚጠቀምበትን ገጽ ሠርቶ ያላሳየ ማንም አይቀጥረውም» ይለናል። ለአንድ የድረ ገጽ ቢሮ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የማሳያቸው የእርስዎን ቤት ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ስሠራ ለራሴም መሥራቴ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቤቱ ፊት ይታያል፣ ከሥሩ የክፍሎቹ ፎቶ። እንግዳው የፈለገውን ክፍል ፎቶ ሲነካ አልጋውን በስሙ ይይዛል። አድሮ ሲሄድ አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ ይኖረዋል። አንድ ገጽ ደግሞ የቤቱ ደንብ ይሆናል።

አንዲት ትንሽ ችግር አለች። ፎቶዎቹ የሚደረደሩት ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ነው። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ጥግ ባዶ ይቀራል፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። አራተኛ ፎቶ ቢኖር ገጹ ሙሉ ይሆን ነበር። ዕቃ ያልበዛበት፣ መስኮት ያለው ክፍል ይበቃል። ከሌለም ግድ የለም፣ የአጥሩን በር አስገባበታለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ልጅሽ ከካርቶን ሊወጣ ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ


ቁጥር 3
ጥቅምት 24

ለወንድሜ ልጅ፤ እንደምን ሰነበትክ፣ ዕውቀት ይጨመርልህ፣ ካለህ ላይ ማለቴ ነው።

የሠራኸውን አየሁት። እርማቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ዋና ዋናውን ግን ልጥቀስ። «እንኳን ደህና መጡ» ብለሃል። ሰውዬው ገና አልመጣም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ነው የሚነካካው። ይውጣ። «ሞቅ ያለ አቀባበል» ብለሃል። እኔን ታውቀኛለህ፣ ይሄ ውሸት ነው። «ንጹሕ አንሶላ» በለው፣ እሱ ቢያንስ ምስክር አለው። ከግርጌ ደግሞ ጥርሳቸውን እያሳዩ የሚስቁ ሦስት ሰዎች አሉ። እነማን ናቸው? እኔ ቤት አድረው አያውቁም። ናሙና ነው አለኝ የኮፒ ቤቱ ሰውዬ። ናሙና ሰው እኔ ቤት አያድርም።

አራተኛ ክፍል ተገኝቷል። ፎቶውን ሰውዬው አንስቶ በኢንተርኔት ልኮልሃል። አልጋ፣ መጋረጃ፣ መስኮት። እንዳልከው ዕቃ የለበትም።

እናትህ ሰላም ብላሃለች።

አክስትህ


ቁጥር 4
ኅዳር 19

ለእትዬ፤ እጅዎን ስሜ፣ ብሥራቴን ይዤ መጥቻለሁ።

ገጹ ተከፍቷል፤ እኔም ተቀጥሬአለሁ። የስድስት ወር ሙከራ ነው። ከመጋዘን ስወጣ የካርቶን መቁረጫዬን ለቀጣዩ ሰው አስረክቤ ወደኋላ ሳላይ ሄድኩ። አዲሱ አለቃዬ የቤትዎን ገጽ ከፍቶ ክፍል አራት ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ይሄ ብርሃን» አለ፣ «ይሄ መስኮት ነው ክፍሉን የሚሸጠው።» አሁን አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው ያንን ነው።

ክፍሉ የትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁትም። በእኔ ጊዜ አልነበረም መሰለኝ። አዲስ አስቀጥለው ነው?

ደንቡን እኔ ልጽፍ ብዬ እጄ አልሄድ ሲለኝ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ገጽ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ዓይንዎ ይለፍበት።

እማዬስ? ሥራ መቀየሬን ሲነግሯት ምን አለች? ባለፈው ሰላምታዋ ሁለት ቃል ብቻ ሆነብኝ።

ልጅዎ


ቁጥር 5
ታኅሣሥ 28

ለወንድሜ ልጅ፤ ሥራህ ይቅናልህ፣ እንዳጀማመርህ ያስጨርስህ።

እንግዳ መምጣት ጀምሯል። ፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ዓይኑ ደም መስሏል። በተለይ ክፍል አራት አንድም ቀን ባዶ አላደረም።

ደንቡን አነበብኩት። በቀይ አንድም ፊደል አልነካሁበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ደንብ እጄ ገብቶ አያውቅም። አሳትሜ መግቢያው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አሁን የምታስተካክልልኝ ነገር አለ። አንድ እንግዳ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ክፍል አራት ንጹሕ ነው። ነገር ግን ጎህ ሲቀድ አንዲት አሮጊት በሩን ከፍታ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባናግራትም አትሰማም።» ይሄ ነገር ሌላ እንግዳ ያሸሻል። የቤቱ መልስ ነው ብለህ ከሥሩ ጻፍበት፤ ሴትዮዋ በር የተሳሳተች የሠፈር ሰው ናት፣ ቁልፉ ተቀይሯል በል። ቁልፉን በእርግጥም ቀይሬዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አክስትህ


ቁጥር 6
ጥር 22

ለእትዬ፤ ሰላምዎ ይብዛ፣ ጠላትዎ ይፈር።

ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩለት፦ «ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ሴትዮዋ በር የተሳሳተች የሠፈር ሰው ናት። ግለሰቧ ከቤቱ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ቁልፉ ተቀይሯል፤ ከእንግዲህ አትገባም።» መሃል ያለውን ዐረፍተ ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እንግዳው ልቡ እንዲያርፍ። አለቃዬ አይቶ «ለደንበኛ መልስ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብሎ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየልኝ።

የእማዬ ሰላምታ ባለፈው ጭራሽ አልነበረም። ረስተውት ነው?

ጥር 25። ፖስታውን ሳላሽገው ሌላ አስተያየት ገባ። ሌላ እንግዳ ነው፤ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ጥሩ አልጋ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት አንዲት ጆሮዋ የማይሰማ እናት ደፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ምንም አላስቸገረችኝም። ማን ነሽ ብዬ በእጄ ምልክት ብጠይቃት ‹ልጄ ነው ይህን ቤት ኢንተርኔት ላይ ያወጣው› አለችኝ። መስኮቱን አሳየችኝ፣ የእሱ ነበር አለች። ኋላ ሳያት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ፍራሿ ረጥቧል። ባለቤቶቹ ቢያዩላት።»

እትዬ፣ እናቴ የት ነው የምትተኛው?


ቁጥር 7
የካቲት 20

ለወንድሜ ልጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄህ ደርሶኛል።

እናትህ የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ከጥቅምት 15 ጀምሮ።

እኔ ሦስት ክፍል ነበረኝ፣ ሦስት ላይ ልቆም ነበር። የጥቅምት 3 ደብዳቤህን፣ ቁጥር 2 ነው፣ እንደ ልማዴ ጆሮዋ ላይ አነበብኩላት። «አራተኛ ፎቶ ቢኖር ገጹ ሙሉ ይሆን ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። የአጥሩ በርም ይበቃዋል ብሏል አልኳት። «ልጄ ከካርቶን የሚወጣው በዚህ ነው?» አለች። ነው አልኳት። ፍራሿን ራሷ ተሸክማ ወጣች። አላገዝኳትም፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ። ጎህ ሲቀድ ወደ ክፍሉ መመለሷ ተንኮል አይደለም፣ ልማድ ነው። ከብትም በረቱን አይረሳም።

አሁን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳትል። የሠፈር ሰው ናት በል ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አልክድም፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አሮጊት ናት፣ አትሰማም፣ ክፍል አራት ገባች ብዬ ጽፌልሃለሁ። ስንት የማትሰማ አሮጊት እኔ ቤት አለ? አልጠየቅከኝም። «ከቤቱ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም» የሚለውን ደግሞ ከእኔ ደብዳቤዎች ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እሱ የራስህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ያደግህበትን ክፍል በፎቶ አይተህ «በእኔ ጊዜ አልነበረም መሰለኝ» ማለትህ። መስኮቱ ያው ነው፤ ጠርዙ ላይ በሚስማር የጫርከው እንኳ አለ። አለቃህ ብርሃኑን አየ፣ አንተ ምኑን አየህ?

አክስትህ


ቁጥር 8
መጋቢት 11

እትዬ፣

ሰላምታ አልጽፍልዎትም። ከየት አምጥቼ።

ገጹን ከነሥሩ ላጠፋው ተቀምጬ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ ዓይን ጨፍኖ የመክፈት ያህል እንኳ አይፈጅም። ጣቴን አስቀምጬ ቆየሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሁለት ወር ከምናምን ቀርቶታል። አለቃዬ ቢሮው ያለውን ደንበኛ ሁሉ የሚያማልለው በዚያ ገጽ ነው፤ ዛሬ ባጠፋው ነገ ካርቶን ውስጥ ነኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል። አላጠፋሁትም። እርስዎ ከሚያዝኑብኝ በላይ እኔ በራሴ አፍሬአለሁ። የሚያዝኑብኝ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ግን ባዶ እጄን አልቀመጥም። ክፍል አራትን ከነገ ጀምሮ እስከሚመጣው ዓመት መጋቢት ድረስ በስሜ ይዤዋለሁ። ገጹ ላይ «ተይዟል» ይላል፤ ከእንግዲህ አንድም እንግዳ አይገባበትም። እናቴን ዛሬውኑ ወደ ክፍሏ ይመልሷት። ደረቅ ፍራሽ ይስጧት። አሥራ ስምንት ዓመት አንሶላዎን ያጠበች ሴት ናት። እንግዳ እንኳ ያዘነላትን እርስዎ እንዴት ያንን ያህል ጨከኑባት?

የወንድምዎ ልጅ


ቁጥር 9
ሚያዝያ 9

ለወንድሜ ልጅ፤ ሰላምታ ባትጽፍልኝም እኔ እጽፍልሃለሁ፤ ሰላም ሁን፣ ቁጣህ ይብረድልህ።

ክፍል አራት በስምህ መያዙን አይቻለሁ፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እናትህን አስገቢ ያልከውን ግን አልፈጸምኩም። መግቢያው ላይ የተሰቀለውን ደንብ ቁጥር ዘጠኝ ተመልከት፦ «የተያዘ ክፍል የሚያገለግለው ስሙ ለተመዘገበው እንግዳ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው፣ ለቤተሰብ ቢሆንም አይተላለፍም።» የገለበጥከው አንተ ነህ። ስትመጣ ቁልፉን በእጅህ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ባዶ ያድራል። እጎዳለሁ፣ ልጎዳ፤ ደንብ የማከብረው ሲጠቅመኝ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። «ክፍል አራትን በስሜ ይዤዋለሁ» የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላውን አላዳመጠችም። «ሊመጣ ነው» አለች። እንደዚያ አላለም ብዬ ጮኽኩባት። «ሊመጣ ነው እንጂ ክፍል ለምን ይይዛል» አለች። ነገሩስ እውነቷን ነው፣ ለምን ይይዛል?

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ከእኔ ተቀብላ ገብታ አንሶላህን ትገፍፋለች፣ ታጥባለች፣ ታነጥፋለች፣ ቁልፉን ትመልስልኛለች። ማንም ያልተኛበት አንሶላ ነው የምታጥበው። አልጋው ላይ ግን አረፍ አትልም፤ እንዳይጨማደድብህ ነው። ከሰዓት ደግሞ ወንበር አውጥታ የአጥሩ በር ላይ ትቀመጣለች። ሻንጣ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። እንግዶቹ ጠባቂ ትመስላቸውና ሻንጣቸውን ይሰጧታል። ሳል ይዟታል፤ በማጠቢያው እርጥበት ነው ይላል የኮፒ ቤቱ ሰውዬ፣ ሐኪም ሆነና።

ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባታል። የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ። የማትመጣም ከሆነ ጻፍልኝ። የምትጽፈውን አነብላታለሁ።

አክስትህ


ቁጥር 10
ግንቦት 26

ለተከበሩ አክስቴ፤ እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎና የቤትዎ ሰላም የዘወትር ጸሎቴ ነው።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አልቆ ቋሚ ሆኛለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን አለቃዬ ጠራኝና የክፍል አራትን መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ። ዓመት ሙሉ ተይዟል፣ የያዘውም ገጹን የሠራው ሰው ነው። «ይሄ ምንድነው? የሐሰት ማስያዣ አድርገህ ቤቱ ገበያ እንዳለው ልታስመስል ነው?» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? እናቴን ከክፍሏ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ለፎቶ ብዬ? «አጸዳዋለሁ» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ሰርዤዋለሁ። ሁለቱን አስተያየቶችም ከነመልሴ አጥፍቻቸዋለሁ። ክፍሉን ከዛሬ ጀምሮ ማከራየት ይችላሉ።

መምጣት አልችልም። ዘንድሮም የሚሆን አይደለም፣ ለከርሞም ቃል አልገባም። አዲስ ተቀጣሪ ፈቃድ ቢጠይቅ ምን እንደሚባል እርስዎ ሥራ ያውቃሉና ይረዱኛል።

ይህን ለእማዬ አያንብቡላት። ሊመጣ ነው፣ ቀኑ አልቆረጠለትም እንጂ ይበሏት። ተስፋዋን አይቁረጡባት፣ በሩ ላይ መቀመጧም ማንንም አይጎዳም። እውነቱን ለመናገር እዚያ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው ብዬ ሳስብ ይቀለኛል። ተረስቼ የተጣልኩ አይመስለኝም።

ለሳሏ ወፍራም ልብስ ይደርቡላት።

አክባሪዎ


ቁጥር 11
ሰኔ 20

ለወንድሜ ልጅ፤ ለቋሚነትህ እንኳን ደስ አለህ፣ ወንበርህን ያጽናልህ።

ቁጥር 10 ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ፋይል ተደርጓል።

አያንብቡላት ያልከውን አልፈጸምኩም። ለባለጉዳይ የመጣ ወረቀት የባለጉዳዩ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም፣ ላንተ ብዬ አልጀምርም። አንብቤ የማላውቀውን ውሸትም ከራሴ አፍልቄ አልነግራትም። የአጥሩ በር ድረስ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና ከሰላምታው እስከ «አክባሪዎ» ድረስ ጆሮዋ ላይ አነበብኩላት። ጮክ ብዬ ስለሆነ በረንዳ ላይ የነበሩት እንግዶችም ሰምተዋል። «ይህን ለእማዬ አያንብቡላት» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቷ አልተለወጠም፤ አልሰማች ይሆናል ብዬ ደገምኩላት። እጄን ያዝ አደረገችኝ። ሰምታ ነበር።

«ሥራውን ያዘ?» አለችኝ።

ያዘ አልኳት።

«ቋሚ?»

ቋሚ አልኳት።

ወንበሩን አጥፋ ይዛ ገባች። ማታ እንግዳ እንዳለ ነግሬያት ስለነበር ቁልፉን ተቀብላ ክፍል አራትን አዘጋጀች፣ ቁልፉን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ጎህ ሲቀድም አትመጣም። ቤቱ ፀጥ ብሏል፤ እንግዳም የሚያማርርበት ነገር የለም።

ዛሬ ይህን ልጽፍልህ ስቀመጥ ወደ ማጠቢያው ሄጄ «ለልጅሽ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ አንሶላ ትጨምቅ ነበር። ዞሬ ከፊቷ ቆምኩና ደግሜ ጠየቅኳት፤ ይህን ጊዜ አፌን እያየች ነበር። አንሶላውን ጨምቃ ጨረሰች፣ ሌላውን ከውሃው አወጣች። ስለዚህ ከእሷ በኩል የምጽፍልህ የለኝም።

አክስትህ